መልስ፦ ሁለት ታካሚ አብሬ አይቼ «ለየብቻ» ብዬ ልፈርም?

የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታካሚ እንደ መልበስ ያሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን ራሱ እንዲሠራ የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ነሽ፤ አለቃሽ አብረሽ ያየሻቸውን ሁለት ታካሚዎች ለየብቻ እንዳከምሽ አድርገሽ እንድትፈርሚ ይገፋፉሻል። አትፈርሚ። በሜዲኬር ክፍል ኤ (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ከሚሰጠው የጤና መድን የሆስፒታልና የተቋም ሕክምናን የሚሸፍነው ክፍል) የሚታከሙ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ይዘሽ የተለያየ ሥራ ካሠራሻቸው፣ ያ ጊዜ በተደራራቢ ሕክምና ይመዘገባል እንጂ በአንድ ለአንድ ሕክምና አይደለም። አለቃሽ ቢያዝሽም ፊርማው የአንቺ ነው፤ የሚጠየቀውም የአንቺ የሙያ ፈቃድ ነው።

ግፊቱ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የተደራራቢና የቡድን ሕክምና ተደምሮ ከአንድ ታካሚ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጊዜ 25 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። «ለየብቻ» ተብሎ የተፈረመ ደቂቃ በዚህ ገደብ ውስጥ አይቆጠርም። ገደቡ ግን የተቋሙ ጭንቀት ነው። አንዷ ሸሚዟን ስትቆልፍ ሌላው ከጎኗ በአንድ እጁ ካልሲ ለማጥለቅ ሲታገል ዓይንሽ ለሁለት ተከፍሏል፤ ሙሉ ትኩረት እንዳገኙ መጻፍ እነሱኑ መበደል ነው።

1. የሆነውን እንደሆነው መዝግቢ፤ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ጨምሪ።
2. ለአለቃሽ በኢሜይል «እነዚህን ደቂቃዎች በየትኛው ዓይነት ልመዝግብ?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። በቃል የሚያዝዙ ብዙዎች በጽሑፍ አይደግሙትም።
3. ካልተስተካከለ ለተቋሙ የሕግ ተገዢነት ክፍል አመልክቺ። በመንግሥት ገንዘብ ላይ የሚፈጸም ማጭበርበርን የሚያጋልጥ ሠራተኛን የፌደራል ሕግ ከበቀል ይጠብቀዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ማስረጃ ብለሽ የታካሚ መዝገብ በስልክሽ አታንሺ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ አድርጋ፣ ጉዳዩ ከማጭበርበሩ ወጥቶ እሷ ወደጣሰችው የታካሚ ምስጢር ዞረባት። መጀመሪያ ጠበቃ አማክሪ።