ኩሽኔታው ሲንኮሻኮሽ ሰምቼው ነበር

በሣጥን ተበታትኖ የሚመጣ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ የሚገጣጥም አንድ ወጣት ሰሞኑን ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ ከሣጥኑ የወጣው ዕቃ ብልሽት ካለበት ተጠያቂው ማነው? እኔ፣ አለቃዬ ወይስ ላኪው?" ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ሐሳቤ ወደ 1989 ዓ.ም. ሄደ።

ያኔ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። አመሻሽ ላይ አንድ የላዳ ታክሲ ሹፌር መጣ። የፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን የብረት ቀለበት፣ ራሱ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ይዟል። "ቶሎ በልልኝ፣ ነገ ገቢ አለብኝ" ብሎኝ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሣጥኑ ያምራል። ኩሽኔታውን በጣቴ አሽከረከርኩት። አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል። ግሪስ ሲገባለት ይለሰልሳል ብዬ ገጠምኩት። ሲመለስም አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርድ ጎማው ተነቀለ። ተሳፋሪ አልጫነም ነበር፤ የእሱ እግር ግን ተሰበረ።

ሻጩ "መካኒኩ ኩሽኔታውን የሚያስረውን ዳዶ ከልክ በላይ አጥብቆታል" አለ። ልሟገተው አልቻልኩም። የላዳ የፊት ዳዶ ጎማው እየተሽከረከረ ይጠበቅና ትንሽ ይላላል። ካልላላ ኩሽኔታው ግሎ ይቃጠላል። መናኛ ኩሽኔታም እንደዚያው ይቃጠላል። ሁለቱም ጠቁረውና ሰማያዊ ሆነው ነው የሚወጡት። ማን ይለየዋል? ሣጥኑን ጥዬዋለሁ። ደረሰኝም አልነበረም።

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሹፌሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ስትገጥመው ደህና ነበር አይደል?" "አዎ" አልኩት።

ልጄ፣ መልሴ ላኪው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ግን ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ላኪው ሻጭ፣ አለቃህ ገዢ ነው። ዕቃውን በእጅህ የምትነካው አንተ ነህ። አንተ ዝም ካልክ እሱ ምን ብሎ ያሳውቃል? እና ላኪው ብቻ አይደለም። እያወቅክ ከገጠምከው አንተም አለህበት።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ አይታችሁ ትገጥማላችሁ፤ ጣታችሁን አታምኑም። ይሄ ያናድደኛል። ሁሉን ነገር ፎቶ ማንሳታችሁን ግን እወደዋለሁ። ሣጥኑንና የኩሽኔታው ቀለበት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከመግጠምህ በፊት ፎቶ አንሳ። ጉድለት ካየህም ለአለቃህ በጽሑፍ ስጠው።

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ታክሲ አልነዳም። መርካቶ ሱቅ ከፈተ ሲሉ ሰማሁ። ብዙ ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ። ያንን "አዎ" ግን እስከ ዛሬ ሄጄ አላስተካከልኩትም።