የ1932 ፎርድ ሊብሬ ገዝቼ ሆት ሮዴን ባስመዘግብስ?

ጥያቄህን ላሳጥረው፣ ሎስ አንጀለስ ነህ፣ ሆት ሮድ ማለትም የድሮ መኪና መልክ ያለው ሞተሩ የተቀየረ መኪና እየሠራህ ነው፣ በ1932 ፎርድ ቅርጽ የተሠራ የፋይበርግላስ ቦዲ ገዛህ፣ ሻንሲውን ጓደኛህ በየደልህ፣ ከጃንክ ያርድ፣ ያው የአሮጌ መኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ፣ ያለ ደረሰኝ የሼቭሮሌ 350 ሞተር አምጥተህ ገጠምክበት፣ አሁን ደግሞ አንድ ሰውዬ የእውነተኛ 1932 ፎርድ ሊብሬ ከነሻንሲ ቁጥሩ ልሽጥልህ፣ ዲኤምቪ (መኪና የሚመዘግበው የካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤት) ሄደህ ስም ታዞራለህ በቃ ብሎሃል።

እንዳትነካው ወንድሜ። ያንተ መኪና 1932 ላይ ፎርድ ፋብሪካ አልወጣም፣ ጋራዥህ ውስጥ ነው የተሠራው። የሌላ መኪና የሻንሲ ቁጥር አምጥቶ መለጠፍ በካሊፎርኒያም በፌዴራልም ሕግ ወንጀል ነው፣ ፖሊስ አንድ ቀን አስቁሞ ቁጥሩን ከተጠራጠረ መኪናውን ራሱ ሊወስደው ይችላል፣ ያ ሁሉ ብርና ላብ ገደል ገባ ማለት ነው። ኢንሹራንሱም አደጋ ሲደርስ "ያስመዘገብከው ይሄን መኪና አይደለም" ብሎ ሊከራከርህ ይችላል። ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው የሚሉህን ጓደኞችህን ተዋቸው፣ ፎርሙ ላይ የሚፈርመው ያንተ እጅ ነው።

ትክክለኛው መንገድ በልዩ ሁኔታ የተሠራ ተሽከርካሪ ብሎ ማስመዝገብ ነው። ዲኤምቪ ሬግ 343 እና ሬግ 5036 የሚባሉ ፎርሞች አሉ፣ ሁለተኛው ላይ መኪናውን ማን እንደሠራውና ስንት እንደሚያወጣ ትሞላለህ፣ በሐሰት ቢሆን ያስከስሳል በሚል ቃል ነው የምትፈርመው፣ ስለዚህ ታክስ ለመቀነስ ብለህ ዋጋውን እንዳታሳንስ። ከዛ ሃይዌይ ፓትሮል፣ የካሊፎርኒያ የመንገድ ፖሊስ ማለት ነው፣ መኪናውን አይቶ የራሱን የሻንሲ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ፍሬንና መብራትን ጨምሮ የተሽከርካሪ ደህንነት ፍተሻም ማለፍ አለብህ።

ዋናው ራስ ምታት ጭሱ ነው። ኤስቢ 100 የሚባል ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፣ በየዓመቱ ለ500 እንዲህ ዓይነት መኪና ብቻ የተራ ቁጥር ይሰጣል፣ ጃንዋሪ ላይ ይከፈታል፣ ቀድሞ የመጣ ይወስዳል። ቁጥሩን ካገኘህ ስሞግ ሬፈሪ፣ ማለትም ልዩ የመኪና ጭስ መርማሪ፣ ጋ ትሄድና የጭስ መስፈርቱ በቦዲው ወይም በሞተሩ ዘመን እንዲታይልህ ትመርጣለህ፣ ያንተ ቦዲ 1932ን ስለሚመስል ቦዲውን ምረጥ፣ ከ1976 በፊት ያሉ የቤንዚን መኪኖች የሁለት ዓመቱን የስሞግ ምርመራ አይጠየቁም። ቁጥሩ ካመለጠህ ግን በዘመኑ መኪና ልክ ልትጠየቅ ትችላለህ፣ አሮጌ 350 ደግሞ ያንን አያልፍም፣ ስለዚህ ወረቀትህን ከዲሴምበር በፊት ጨርስ።

አሁን የሚያሳስበኝ ሞተሩን ያለ ደረሰኝ ነው የገዛሁት ያልከው ነው። የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የሻንሲና የቦዲ ደረሰኝ ይጠየቃል፣ ሃይዌይ ፓትሮልም የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሆን ያጣራል። ጃንክ ያርዱ ካለ ተመለስና የሞተር ቁጥሩ ያለበት የሽያጭ ወረቀት አጽፍ፣ ሻንሲውን የበየደልህ ጓደኛህም ብረቱን የገዛበትን ደረሰኝ ይስጥህ። ምንም ካላገኘህና መኪናው 5000 ዶላርና ከዛ በላይ ካወጣ ዲኤምቪ የዋስትና ቦንድ፣ ማለትም የመኪናው ባለቤት ነኝ የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ መያዣ የሚሆን ዋስትና፣ ሊጠይቅህ ይችላል፣ ያኔ ከመክፈልህ በፊት ወረቀቶችህን ይዘህ እዛው ካሊፎርኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አሳይ።