ሐኪሞች ደጅ ሲጠኑ፦ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን በአንድ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ማኅበር ቢሮ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ ራሴ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ሐኪሞቹን ከኮንግረስ ሰዎች ጋር ማገናኘት፣ ደብዳቤ ማርቀቅና ማንም የማያነበውን ደንብ ማንበብ ነበር። የማኅበሩን ስም ተዉልኝ እንጂ ሌላውን እንደ ልባችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አጊጦ ሎቢ ተባለ እንጂ ያው ጉቦ አይደለም እንዴ?

ስድስት ሰው ይህንኑ ጠይቋል፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር። ጉቦ ወንጀል ነው። ሎቢ ግን አቤቱታ ነው፤ መንግሥትን አቤት የማለት መብት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ላይ ተጽፏል። በ1995 በወጣው ሕግ ሎቢስቱ ይመዘገባል፤ በየሦስት ወሩም ስንት እንደወጣና በየትኛው ጉዳይ እንደተለፋ ይገለጻል። ሰነዱን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።

ገንዘቡ የሚገባው በሌላ በር ነው። ማኅበሩ ከራሱ ካዝና ለፌዴራል ዕጩ መስጠት አይፈቀድለትም። አባላቱ በፈቃዳቸው የሚያዋጡበት ፓክ የሚባል ፈንድ ያቋቁማል፤ ያ ፈንድ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር መስጠት ይችላል። የፓርቲው የውስጥ ምርጫና አጠቃላዩ ምርጫ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ 10,000 ይደርሳል። ሚሊዮኖች በሚፈሱበት ዘመቻ ይህ ድምፅ የሚገዛ ብር አይደለም። የሚገዛው ወንበር ነው፣ የቁርስ ወንበር። ተመራጩ እንቁላሉን ሳይነካ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለእያንዳንዱ ሐኪም አራት ደቂቃ ያህል ይሰጣል። ጠበቃችን ከመግባታችን በፊት ሁሌ የሚደጋግምልን ነገር ነበር፤ «ቼኩንና ጥያቄያችሁን ባንድ ላይ እንዳታነሡ።» ንጹሕ ነው አልላችሁም። ቁርሱ ላይ ያልተቀመጠ ሰው አራቱን ደቂቃ አያገኝም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ሀብታም ነው። ምን ጎድሎት ነው ደጅ የሚጠናው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሠንጠረዥ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የቆመው የመንግሥት የጤና መድን፣ ከ1992 ጀምሮ ለሐኪም የሚከፍለው በነጥብ ነው። ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ይህን ያህል ነጥብ፣ ለ20 ደቂቃ ምርመራ ይህን ያህል ነጥብ ይባላል። ከዚያ ነጥቡ በአንድ ዋጋ ይባዛል። የአንዱ ነጥብ ዋጋ በ2001 ወደ 38 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር፤ በ2025 ወደ 32 ዶላር ከ35 ሳንቲም ወርዷል። ኑሮ ሲወደድ እሱ ቀነሰ። ብዙዎቹ የግል መድን ድርጅቶችም ውላቸውን የሚያሰሉት ይህን ሠንጠረዥ ተንተርሰው ስለሆነ ነገሩ ሜዲኬር ላይ አያበቃም።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ቀጥሎ ያለውን ያዙልኝ። በሕጉ መሠረት የነጥብ ለውጥ የዓመቱን ወጪ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካናጋ፣ ልዩነቱ ከሌላ ቦታ መካካስ አለበት። ማዕዱ አንድ ነው፤ አንዱ እጁን ባስረዘመ ቁጥር የሌላው ጉርሻ ያንሳል። ከውጭ ሲታይ የሐኪምና የመንግሥት ጠብ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ የሐኪምና የሐኪም ጠብ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ለ2021 መንግሥት የቢሮ ምርመራ ነጥብን ከፍ አደረገ። የቤተሰብ ሐኪሞች ለዓመታት ሲለምኑት የኖሩት ነው። ለማካካሻ ግን የነጥቡ ዋጋ 10 በመቶ ያህል ሊቆረጥ ሆነ። ቀዶ ሐኪሞችና ራዲዮሎጂስቶች፣ በጠቅላላው ገቢያቸው ከቢሮ ምርመራ ያልሆነ ሁሉ፣ ተነሡ። ጊዜው ወረርሽኝ ነበርና «በዚህ ሰዓት ሐኪም ይቆረጣል ወይ?» የሚለው ክርክር ጆሮ አገኘ። በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ኮንግረስ ለአንድ ዓመት 3.75 በመቶ ጨመረ። ከዚህም ሌላ ረጅም ክትትል የሚሹ ሕመምተኞችን ለሚያዩ ሐኪሞች ሊከፈል የታሰበውን ጂ2211 የተባለ የክፍያ ኮድ እስከ 2024 አገደው። ኮዱ ሲታገድ የእኛ ቅነሳ ለዘበ፤ የቤተሰብ ሐኪሞች ግን ሦስት ዓመት ጠበቁ። በዚያ ሳምንት ቢሯችን ውስጥ ኬክ ተቆረጠ። ከማን ድርሻ እንደተቆረሰ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ነጥቡን ማን ነው የሚሰጠው?

በሕግ ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው። በተግባር ግን በ1991 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር (ኤኤምኤ) ሥር የተቋቋመ «ራክ» የሚባል ኮሚቴ አለ፤ 32 አባላት አሉት፣ አብዛኞቹን የሚሰይሙት የስፔሻሊቲ ማኅበራት ናቸው፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ይሰበሰባል። የስፔሻሊቲው ማኅበር ለአባላቱ መጠይቅ ይልካል፤ ይህ ሥራ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ምን ያህል ይከብዳል? መልሱን ይዞ ኮሚቴው ፊት ይቆማል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ ወደ መንግሥት ይሄዳል። መንግሥት የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም የቀረበለትን አብዛኛውን ሲቀበል ኖሯል።

ችግሩ ይታያችኋል። ደመወዝህ በደቂቃ የሚሰላ ሆኖ «ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?» ብትባል ማሳጠሩ ይከብድሃል። ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም፤ ሰው በጣም የሚያስታውሰው ያስቸገረውን ቀዶ ሕክምና ነው። መንግሥትም ይህ የገባው ይመስላል፤ ለ2026 ባወጣው ደንብ በጊዜ የማይለኩ አገልግሎቶችን ነጥብ 2.5 በመቶ ቀንሷል። ማኅበራቱ ምን ያህል እንደጮኹ መገመት አያቅታችሁም።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ መጨረሻ «የሐኪም ክፍያ ሊቀነስ ነው» የሚባለው ለምንድን ነው?

የሜዲኬር የክፍያ ደንብ በጁላይ አካባቢ በረቂቅ ይወጣል፣ 60 ቀን አስተያየት ይሰጥበታል፣ በኖቬምበር ይጸድቃል፣ ጃንዋሪ 1 ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ዲሴምበር የለቅሶ ወር ነው። ድሮም እንዲሁ ነበር። በ1997 የወጣ የክፍያ ቀመር በየዓመቱ ትልቅ ቅነሳ ያዝዝ ነበር፤ ኮንግረስ ከ2003 እስከ 2014 ድረስ 17 ጊዜ በጊዜያዊ ሕግ ካስቆመው በኋላ በ2015 ቀመሩን ጨርሶ ሻረው፤ በተወካዮች ምክር ቤት 392 ለ37 በሆነ ድምፅ። ሐኪሞች ሁሉ ባንድ ቃል የቆሙበት ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱም የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሐኪም ናት። ማኅበሯ ከኮንግረስ ሰዎች ጋር ሊያገናኛት ዋሽንግተን ሊወስዳት ነው። ምን ብላ ትናገር?

እናቴ፣ በመጀመሪያ ምቹ ጫማ ታድርግ። ከሎንግወርዝ ሕንፃ እስከ ሴኔቱ ቢሮዎች መንገዱ ረጅም ነው፣ ቀጠሮዎቹም በግማሽ ሰዓት ልዩነት ይደራረባሉ። ተመራጩን አገኛለሁ ብላ አትጠብቅ። የሚቀበላት ምናልባት የ26 ዓመት ወጣት ረዳት ነው፤ ጤናንም ሌላ ሁለት ሦስት ጉዳይንም ደርቦ የያዘ። ክፍሉ ከሞላ ኮሪደር ላይ ቆመው ያወራሉ። ያንን ልጅ አትናቀው። ለተመራጩ ማስታወሻ የሚጽፈው እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ። ረቂቅ ሕጉን በቁጥሩ ትጥራ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ትታ ትውጣ። ስለ ክፍያ አትጀምር! አንድ ጊዜ ይዤው የገባሁት ቀዶ ሐኪም ስለ ቅነሳው አሥር ደቂቃ አማረረ፤ ረዳቷ ዓይኗን ከእጅ ሰዓቱ ላይ መንቀል አልቻለችም። እኔም ሰዓቱን አየሁት፤ የእኔ የስድስት ወር ደመወዝ ነበር። ከሱ ቀጥሎ የተናገሩት ሽማግሌ ሐኪም ግን በተመራጩ ወረዳ ውስጥ ያለች አንዲት ሕመምተኛቸው ለሕክምና ስንት ሰዓት እንደምትነዳ፣ ማን እንደሚነዳላት፣ ክረምት ሲሆን ምን እንደምታደርግ ተረኩ። ረዳቷ ያን ጊዜ እስክሪብቶ አነሣች።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የእኛ የሥራ ክልል ሊሰፋ ሲል የሐኪሞች ማኅበራት ሁልጊዜ ይቃወማሉ። እውነቱን ንገረን፣ ለሕመምተኛ አስበው ነው ወይስ ለኪሳቸው?

እህቴ፣ ሁለቱም ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ለራሳቸውም የሚያቅታቸው ይመስለኛል። በ2016 የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች ያለ ሐኪም ቁጥጥር እንዲሠሩ ደንብ አረቀቀ። ከ200,000 በላይ አስተያየት ጎረፈ፤ የሰመመን ሐኪሞች ዘመቻ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በዲሴምበር ደንቡ ሲጸድቅ ሦስት ዓይነት ነርሶች ተፈቀደላቸው፤ አራተኞቹ፣ የሰመመን ነርሶች፣ ተለይተው ቀሩ። የሰመመን ነርሶች ግን በክፍለ ሀገር ደረጃ ብዙ አሸንፈዋል፤ ከ2001 ጀምሮ ገዥዎች የሜዲኬርን የቁጥጥር ግዴታ መተው ይችላሉ፣ አዮዋ የመጀመሪያዋ ነበረች። እንዲህ ያለው ጠብ በአመዛኙ የሚያልቀው ዋሽንግተን ሳይሆን በክፍለ ሀገር ምክር ቤት ነው፤ ኦክላሆማ ውስጥ የዓይን ሐኪሞችና ኦፕቶሜትሪስቶች (የሕክምና ዶክተር ያልሆኑ የዓይን ባለሙያዎች) በሌዘር ጉዳይ ሲሟገቱ ቆይተው በ1998 ኦፕቶሜትሪስቶቹ ያሸነፉትም እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ኤኤምኤ እያለ እያንዳንዱ ስፔሻሊቲ የራሱን ማኅበር ለምን ያቋቁማል?

የሕፃናት ሐኪሞችን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1921 ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በ1922 ሴንት ሉዊስ ላይ በተደረገው የኤኤምኤ ጉባኤ የሕፃናት ሐኪሞች ክፍል ሕጉን ደገፈ፤ የማኅበሩ ዋና ምክር ቤት ደግሞ አወገዘው። ቁስሉ ሳይሽር ቆየና በ1930 ዲትሮይት ላይ 35 የሕፃናት ሐኪሞች የራሳቸውን አካዳሚ መሠረቱ። ሁሉን ልወክል የሚል ማኅበር አባላቱን የሚያጣላ ነገር ሲመጣ አፉን ይይዛል፤ ከላይ ያነሣነው የማዕዱ ጉዳይ ዋናው ነው።

ጥያቄ፦ አሸንፈው ሕዝብን የጎዱበት ጊዜ አለ?

በእኔ ሚዛን አለ። በ1994 አንድ የፌዴራል የምርምር ኤጀንሲ ድንገት ለሚነሣ የወገብ ሕመም ቀዶ ሕክምናና ብዙው ምርመራ በአብዛኛው እንደማያስፈልግ መመሪያ አወጣ። የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች ተቆጡ። በ1995 የተወካዮች ምክር ቤት የኤጀንሲውን በጀት ዜሮ እስከ ማድረግ ደረሰ። በሌላም ምክንያት ጥርስ ተነክሶበት ነበር፤ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን የጤና ዕቅድ ጋር ስሙ ይነሣ ነበርና። በመጨረሻ ከሞት ተረፈ፤ ከበጀቱ ግን አንድ አምስተኛ ያህሉን አጣ፣ መመሪያ መጻፉንም ተወ። በ1999 ስሙ ሲቀየር «ፖሊሲ» የሚለው ቃል ከስሙ ተሰረዘ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ሌላውም መሥሪያ ቤት አንገቱን ይደፋል።

ጥያቄ፦ ስለ ድንገተኛ ቢልስ?

በአጭሩ፦ ድንገተኛ ቢል ማለት ከመድኑ ጋር ውል የሌለው ሐኪም አክሞት ሕመምተኛው ሳያስበው የሚመጣበት ሂሳብ ነው። ይህን ለማስቆም የታሰበውን ሕግ በመቃወም በ2019 «ዶክተር ፔሸንት ዩኒቲ» የሚባል ቡድን ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማስታወቂያ ላይ አፈሰሰ። ስሙ ሐኪምና ሕመምተኛ ይላል፤ ከፋዮቹ በግል ኢንቨስተሮች የተያዙ ሁለት የሐኪም አቅራቢ ኩባንያዎች ነበሩ። ሕጉ በ2020 ወጥቶ በ2022 ሥራ ጀመረ። ሕመምተኛው ከመሃል ወጣ፤ ሐኪሙና መድኑ ግን ገላጋይ ፊት ይቀርባሉ፣ እሱም ከሁለቱ ዋጋ አንዱን ይመርጣል። ዋጋው በሕግ እንዳይተመን የፈለጉት ማኅበራት ያተረፉት ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ለሕመምተኛውስ ማን ይናገርለታል?

አንዳንዴ ራሱ። ኖቬምበር 4 ቀን 1971 ሼፕ ግሌዘር የሚባል የኩላሊት ሕመምተኛ የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ከደም ማጠቢያ ማሽን ጋር ተያይዞ ቃሉን ሰጠ። ለደቂቃዎች ብቻ ነበር፤ አደጋ አለው ብለው የፈሩ ነበሩ። ከዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1972፣ ሜዲኬር ኩላሊቱ ሥራ ያቆመበትን ሕመምተኛ ዕድሜው 65 ባይሞላም እንዲሸፍን የሚያዝ ሕግ ተፈረመ። ሴኔቱ ማሻሻያውን የተከራከረበት ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ማሽኑን ነው፤ በ1967 በሐኪሞች የሚመራ ኮሚቴ ያዘጋጀው ሪፖርት ግን ቀድሞ መንገዱን ጠርጎ ነበር። ያለ ሪፖርቱ ማሽኑ ትርዒት ሆኖ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ ሥራውን ለምን ተውከው?

ደክሞኝ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። በመጨረሻው ዓመት ለዓመታዊ ምርመራ የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። የት እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የማኅበሩን ስም ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ። «ያቺን ኮድ ያሳገዳችኋት እናንተ ናችሁ» አለኝና የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቀለለው። ጠበቅ አድርጎ።