መግል ይዟል ወይስ አልያዘም?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ፤ አምስቱም ስለ እባጭና ስለ ትኩሳት፣ አምስቱም ስለ ቻይና ቅጠል የሚጠይቁ ናቸው። ደቡብ ቻይና ፋርማሲ ስማር ያን መራራ ውሃ አፍንጫዬን ይዤ ስለጠጣሁት ለቅጠሉ ንቀት የለኝም። መልሴ ግን ሻጮቹን ደስ ላያሰኝ ይችላል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለንግድ ጓንግዡ እመላለሳለሁ። ብብቴ ሥር እባጭ ወጣብኝና አንድ መድኃኒት ቤት አምስት ዓይነት ደረቅ አበባና ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀቅዬ ልጠጣው?

ከዘረዘሩልኝ እንደምረዳው የያዙት በ1742 በንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ትእዛዝ በተዘጋጀው የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ባለ አምስት ቅጠል «መርዝ ማርከሻ» ነው። ዋናው ጂን ዪን ኋ ይባላል፤ «ወርቅና ብር አበባ» ማለት ነው። ነጭ ሆኖ ፈክቶ ቀስ በቀስ ቢጫ ስለሚሆን በአንድ ሐረግ ላይ ሁለቱም ቀለም ይታያል። የዱር ክሪሳንተመም አበባና ዳንዴሊዮንም አሉበት። አንዳንዶቹ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያን ሲያዳክሙ ታይተዋል። ሳህን ግን ብብት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የጥንት ቻይና የእባጭ ሐኪሞች ሥራቸውን በሦስት ይከፍሉት ነበር፦ ገና ሲጀምር መበተን፣ መግል ሲቋጥር ወደ ውጭ መግፋት፣ ከፈሰሰ በኋላ ሰውነትን መጠገን። በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ የሚያውቁት በጣት ነው። ሲጫኑት ድንጋይ ከሆነ መግል የለውም፤ ከለሰለሰና ጣትን መልሶ ከገፋ መግል ቋጥሯል። መግል ከያዘ በኋላ ደግሞ ምላጭ አይፈሩም ነበር። በ1617 ስለ ውጫዊ በሽታዎች የጻፈው ቼን ሺጎንግ የበሰለ እባጭ ተከፍቶ መግሉ መውጣት እንዳለበት አጥብቆ ያስተምራል። ዛሬ «ያለ ቀዶ ጥገና የሚያድን ጥንታዊ ጥበብ» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ገጽ ዘለውታል።

ስለዚህ ጠንካራና ትንሽ ከሆነ፣ ትኩሳትም ከሌለዎት፣ ንጹህ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክረው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይያዙበት። ሻዩን አንድ ሁለት ቀን ቢጠጡት አልከለክልዎትም፤ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግን ይተዉት። ከለሰለሰ ክሊኒክ ሄደው ያስከፍቱት፤ በጥፍርዎ አያፍርጡት። ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ የዕለቱን የገበያ ቀጠሮ ሰርዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አፍንጫና የላይኛው ከንፈር አካባቢ ስለሚወጣው ደግሞ ቻይናዎቹ ራሳቸው ይፈሩታል፤ ሲጨመቅ ወደ ደም የሚሠራጨውን የሚጠሩበት የራሱ ስም እስከመስጠት ደርሰዋል። ከዚያ አካባቢ የሚነሱት የደም ሥሮች ወደ አንጎል አካባቢ ይዘልቃሉ።

በመንገዴ ልጨምር፦ ለ«መግፋት» ከሚታዘዙት አንዱ ፓንጎሊን የተባለው፣ ጉንዳን የሚበላ አውሬ ቅርፊት ነበር። ቻይና በ2020 ከመድኃኒት መዝገቧ አውጥታዋለች፤ «አፍሪካ ውስጥ ርካሽ ነው፣ ይዘህልኝ ና» የሚልዎ ሰው ካለ አይስሙት።

እባጬ ይድናል፤ ከወር በኋላ ሌላ ቦታ ይወጣል። ደም የሚያጠራ የቻይና ቅጠል አለ ይባላል፤ የትኛው ነው?

ከቅጠሉ በፊት ስኳርዎን ይለኩ። በሰባተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሐኪም ሱን ሲምያዎ «የሚያስጠማው በሽታ» (ዛሬ ስኳር የምንለው) ያለበት ሰው፣ ድኖም ቢሆን፣ ትልቅ እባጭን ዘወትር እንዲያስብና መድኃኒቱን አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ መክሯል። የስኳር መለኪያ ሳይኖረው ያየው ነገር ነው። እርስዎ በጣት ጠብታ ደም ያውቁታል።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከእስያ መደብር ዪን ቻዎ የሚባል የትኩሳት ክኒን ገዛሁ። ለሰባት ዓመት ልጄ ልስጠው?

እህቴ፣ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቢው። ዪን ቻዎ ዉ ጁቶንግ የተባለ ሐኪም በ1798 በጻፈው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ቅመም ነው፤ ያው ወርቅና ብር አበባ፣ ፎርሲቲያ የተባለ ፍሬ፣ ናና የመሳሰሉት ያሉበት። መመሪያው ደስ ይለኛል፦ ሽታው ቤቱን ሲሞላ ወዲያው አውርደህ ጠጣ፣ አብዝተህ አታፍላ። እናቶቻችን ለምች ዳማከሴ ሲጨምቁ እሳት እንደማያሳዩት ነው። ለጉንፋን ትኩሳት ከዚያም የቆየ ሌላ መድኃኒት አላቸው፤ ቀረፋና ዝንጅብል ያለበትን ጠጥቶ ላዩ ላይ ትኩስ የሩዝ ገንፎ ቀጠን አድርጎ መጠጣት፣ ተከናንቦ ትንሽ ማላብ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አጥሚትና ጋቢ ይመጣብኛል።

ክኒኑ ግን ሌላ ነው። በቻይና ፋብሪካ የሚሠራው ባለ ቫይታሚን ሲ ዪን ቻዎ ፓራሲታሞልና ክሎርፌኒራሚን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ይዟል። ታይሌኖልም ፓራሲታሞል ነው። «ይሄ ቅጠል ነው፣ ያኛው መድኃኒት» ብላ ሁለቱንም የምትሰጥ እናት ሳታውቀው መጠኑን ታበዛለች፤ የሚጎዳው ጉበት ነው። አትስጪው። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ወይም ልጁ ከፈዘዘ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ መጠጣት እምቢ ካለ ደግሞ ሐኪም ይየው።

አርባ ምንጭ ነኝ። ወባን የሚያድነው የቻይና ቅጠል ከእኛ ጭቁኝ ጋር አንድ ነው ይላሉ። አፍልቼ ብጠጣስ?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለቱም የአርጤሚሲያ ወገን ናቸው፤ ወባን የሚገድለው አርቴሚሲኒን በብዛት የሚገኘው ግን በቻይናው በቺንግሃዎ ውስጥ ነው። እሱንም «አፍልቶ መጠጣት» የሚለው ላይ ታሪኩ ራሱ ይቃወምዎታል። ቻይናዊው ሐኪም ጌ ሆንግ በአራተኛው መቶ ዓመት የጻፈው «አንድ እፍኝ ቺንግሃዎ በውሃ ነክረህ፣ ጨምቀህ ጠጣ» የሚል ነው፤ እሳት የለም። በ1967 የተጀመረው የወባ መድኃኒት ፍለጋ ላይ የነበረችው ቻይናዊት ተመራማሪ ቱ ዩዩ ቅጠሉ አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲከሽፍባት ይህችን መስመር አንብባ ነው ሙቀት ያበላሸዋል ብላ የጠረጠረችው። መድኃኒቱን በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በተባለ ፈሳሽ አወጣችው፤ በ1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በአይጦች ላይ የወባውን ጥገኛ ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በ2015 ኖቤል ተሸለመች።

የዚያ ቅጠል ልጅ ዛሬ በጤና ጣቢያዎ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ የምትሰጠው የወባ ክኒን ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር ከእሱ የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ አይደግፍም፤ በኩባያው ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም፣ ያነሰ መጠን ደግሞ ጥገኛውን ያለማምደዋል። እዚያ አካባቢ ትኩሳት ሲይዝዎ በዚያው ቀን ደምዎን ያስመርምሩ።

የፈረጠ እባጭ አልድን አለኝ። ወንድሜ ከቤጂንግ ቀይ ዱቄት ላከልኝ፤ ቁስሉ ላይ ልነስንሰው?

አይነስንሱት። ለማይድን ቁስል በቻይና የሚታወቀው ቀይ ዱቄት የሜርኩሪ ኦክሳይድ ነው፤ በክፍት ሥጋ በኩል ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ባለሙያ ዘንድ እንኳ በጥንቃቄ የሚያዝ ነገር ነው። የእርስዎ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቻይንኛ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ አነባለሁ። እስከዚያ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ማጠቢያ ውስጥም አይድፉት። ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል ግን ፎቶ አይጠብቅም፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ይየው፣ ዱቄቱንም ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።