የባልደረባዬ ኩባንያ ቢሊዮኑን የት ያደርሰዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አላስካ፣ አንኮሬጅ ነው። አብራኝ የምትሠራ የአገሩ ተወላጅ የተወላጆች ኩባንያ ባለአክሲዮን ናት። ኩባንያው በዓመት ከቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል፤ እሷ ግን «የሚደርሰኝ ለክረምት ማሞቂያ እንኳ አይበቃም» ትለኛለች። ገንዘቡ የት ይገባል? እኔስ አክሲዮኑን መግዛት እችላለሁ?

መልስ፦ መግዛቱን ይርሱት፤ እሷም መሸጥ አትችልም። እ.ኤ.አ. በ1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ 44 ሚሊዮን ኤከር መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ የተወላጆቹን የቀረ የመሬት ጥያቄ ዘጋ። ርስቱን የተረከቡት ግን በየአካባቢው የተቋቋሙ ኩባንያዎች ናቸው። ያኔ በሕይወት ኖሮ ለተመዘገበ ሁሉ መቶ መቶ አክሲዮን ደረሰው። አክሲዮኑ ይወረሳል እንጂ ገበያ አይወጣም።

ቢሊዮኑ ጠቅላላ ገቢ ነው፤ ትርፍ አይደለም። ብዙዎቹ ትልቁን ገቢ የሚያገኙት ከፌዴራል መንግሥት ኮንትራት ነው፦ የጦር ሰፈር ጥገና፣ ጥበቃ፣ የኮምፒዩተር ሥራ። ያለ ጨረታ ሥራ ማግኘት የሚችሉበት መብት ስላላቸው ገቢው ቶሎ ያብጣል፤ አብዛኛው ግን በደመወዝና ለንዑስ ተቋራጭ በሚከፈል ያልቃል። የሒሳብ ሰው ነኝና የሪፖርቱን የመጀመሪያ መስመር አላምነውም፤ በቀጥታ ወደ ታች ወርጄ የተጣራውን ነው የማየው።

እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። ሕጉ አንዱ ክልላዊ ኩባንያ ከመሬቱ ካገኘው የማዕድንና የእንጨት ገቢ 70 በመቶውን መሬት ለተረከቡት 12 ክልላዊ ኩባንያዎች ሁሉ እንዲያካፍል ያስገድዳል። በሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የሬድ ዶግ ዚንክ ማዕድን ያረፈው ናና በተባለው ኩባንያ መሬት ላይ ነው። የናና ድርሻ በ2007 ከማዕድኑ የተጣራ ገቢ በ25 በመቶ ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 50 ይደርሳል። ስለዚህ ዚንክ ሲረክስ አንድም ጉድጓድ ያልቆፈረ የደቡብ ኩባንያ አብሮ ይጎዳል። ሲወደድ ደግሞ ሥራውን ያበላሸ ሥራ አስኪያጅ በጎረቤቱ ማዕድን አትራፊ መስሎ ይታያል። ይህቺን ነው የማልወዳት።

ድርሻዋ ያነሰው ባለአክሲዮኑ በዝቶም ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ፣ ናናን ጨምሮ፣ ከ1971 ወዲህ የተወለዱ ልጆችንም በድምፅ አስገብተዋል። ደግ አደረጉ ባይ ነኝ፤ ያው ትርፍ ግን ለብዙ ሰው ይከፋፈላል።

ባልደረባዎ ዓመታዊ ሪፖርቱ ሲደርሳት ከሌሎቹ ኩባንያዎች የመጣውን ድርሻ ከትርፉ ላይ ትቀንስ። የቀረው ነው የራሷ ኩባንያ የሠራው። ኪሳራ ሆኖ ካገኘችው፣ በዓመታዊው ስብሰባ የቦርድ ምርጫ አለ።