የእርጎ ባክቴሪያ ምን ፕሮቲን ይሠራል? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

አራት ኪሎ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ወተት ከሚያረጋው ከላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ጋር ነው የምውለው። ዛሬ ትንሽ ፋታ አለኝ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያው ሁሌም ያንኑ ፕሮቲን ነው የሚሠራው?

ኧረ በፍጹም። ወተት ውስጥ እንደገባ ዝም ያለ ይመስላል፣ ግን ለአዲሱ ምግብ የሚሆኑ ኢንዛይሞችን እያሰናዳ ነው። መባዛት ሲጀምር ትልቁ አቅሙ የሚውለው ስኳር በሚሰባብሩ ኢንዛይሞችና በራይቦዞም ላይ ነው፣ ማለትም ፕሮቲን የሚያመርተውን ማሽን ራሱን እያበዛ ነው። የወተቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ6.6 አካባቢ ወርዶ ወደ 4.5 ሲጠጋ ግን እድገቱ ይቆማል። ያኔ ራሱን ማዳን ይቀድማል፦ የተበላሹ ፕሮቲኖችን የሚያቃኑና የማይድኑትን የሚቆራርጡ ይበዛሉ፣ አሲዱን ከሴሉ የሚገፋው ፓምፕም ሥራ ይበዛበታል።

ጥያቄ፦ ወተት ፕሮቲን ሞልቶት የለ እንዴ፣ ቆራጭ ኢንዛይም ለምን አስፈለገ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኬሲን፣ ማለትም ዋናው የወተት ፕሮቲን፣ ትልቅ ነው፣ እንዳለ ሴሉ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው የሚገኘው አሚኖ አሲድ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሴሉ ግድግዳ ላይ የተተከለ ፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ኬሲኑን ይከታትፈዋል፣ ቁርጥራጩ ይገባል። ቁርጥራጩ ከበዛ ኮድዋይ የሚባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የፕሮቲዬዙን ጂን ያፍነዋል። የላብራቶሪ መረቅ ላይ አሳድጋችሁ «ፕሮቲዬዙ የት ገባ» የምትሉት ለዚህ ነው። መረቁ ራሱ ጥጋብ ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ ኒሲን (አንዳንድ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የሚሠራውን፣ ሌላ ባክቴሪያ የሚገድል ትንሽ ፕሮቲን) ላወጣ ነው። ስንት ሰዓት ላይ ልሰብስብ?

ወንድሜ፣ ሰዓቱን ተወው። ሴሎቹ ያሉበትን ፈሳሽ ድፍርስነት በ600 ናኖሜትር ብርሃን እየለካህ የእድገቱን ኩርባ ሣል። ኒሲን ራሱ የራሱን ምርት የሚቀሰቅስ ምልክት ነው፣ ሴሎቹ ሲበዙ እሱም እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ በፈጣኑ እድገት ማብቂያ ላይ ጫፍ ይደርሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ፒኤች ከ6 በላይ ከሆነ ብዙው ሴሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፈሳሹን ብቻ ለክተህ «ምንም የለም» ብለህ እንዳትደፋው! ስንቱ ደፍቶታል መሰለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እርጎዬን ፍሪጅ ከከተትኩት ባክቴሪያው ይሞታል?

አይሞትም እትዬ፣ ይቀዘቅዛል እንጂ። ብርዱን ሲያይ ሌላው ምርት ይቀንስና ብርድ መቋቋሚያ ትናንሽ ፕሮቲኖች ይበዛሉ። ቀስ እያለም ቢሆን አሲድ ማምረቱ አይቀርም፣ ሰንበት ያለው የሚኮመጥጥዎት ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ዕቃውን በወይራ ማጠንስ?

ጭሱ ባክቴሪያውን ያዘገየዋል፣ ወተቱም ቶሎ አይረጋም። መዓዛው ደግሞ ትርፍ ነው።