መብራት ሲሄድ ቪኤሜን ከኢንቴል ወደ አርም ላሻግረው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ሱቃችን ውስጥ የስቶክና የሽያጭ ሲስተም የሚሠራበት ኢንቴል ዴስክቶፕ አለ፣ ሲስተሙ ያለው ሊኑክስ በኬቪኤም (ቪኤም ማስኬጃው የሊኑክስ ክፍል) በሚያስኬደው ቪኤም (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር) ውስጥ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዳታቤዙ ማሪያዲቢ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው የሚይዝልኝ፣ ባለ 8 ጊጋ ራስበሪ ፓይ 5 (አርም ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ግን አለኝ እሱ በባትሪ ቀኑን ሙሉ ይውላል። እና ቪኤሙን ሳላጠፋው በላይቭ ማይግሬሽን ወደ ፓዩ ላሻግረው ብዬ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። የተሳሳትኩት ነገር አለ ወይስ ጭራሽ አይቻልም? ከተቻለስ እንዴት ቴስት ላድርገው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የተሳሳትከው ነገር የለም። እኔም እዚህ ደሴ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽን ለማዳን የምሮጥ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄህ በደንብ ገብቶኛል።

ላይቭ ማይግሬሽን ማለት ሰው እየኖረበት ቤት እንደመልቀቅ ነው፣ ዕቃው ይጓዛል ግን ጀበናው አሁንም እሳት ላይ ነው። ቪኤሙ እየሠራ ራሙ ገጽ በገጽ (ገጽ ማለት የራሙ ትንሽ ቁራጭ ነው) ይገለበጣል፣ በመሃል የተቀየሩት ገጾች ደግሞ እንደገና ይላካሉ፣ የቀረው ትንሽ ሲሆን ቪኤሙ ለቅጽበት ቆሞ ቀሪው ገጽና የፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች (እየሠራበት ያለውን ቁጥር የሚይዝባቸው ትንንሽ ቦታዎች) ይሻገሩና እዚያ ማዶ ይቀጥላል። ኪው-ኢሙ (ከኬቪኤም ጋር ሆኖ ቪኤሙን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ለዚያች ቅጽበት ሳትነካው የሚይዘው ገደብ 300 ሚሊሰከንድ ነው።

አሁን ራሙ ውስጥ ያለው ዳታ ብቻ አይደለም፣ ለኢንቴል የተዘጋጀ የማሽን ኮድም አለበት፣ ኬቪኤም ደግሞ ያንን ኮድ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚያስኬደው፣ ፍጥነቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። የፓዩ አርም ይሄን ኮድ አያውቀውም። ኤክስ86-64 (የኢንቴልህ ዓይነት ፕሮሰሰር) ያሉት አጠቃላይ ሬጅስተሮች 16 ናቸው፣ የአርም 31። ስለዚህ በኬቪኤም አይሆንም፣ ሴቲንግ መነካካቱን ተወው።

ግን መንገዱ ጭራሽ ዝግ አይደለም። ኪው-ኢሙ ቲሲጂ የሚባል ተርጓሚ አለው፣ የኤክስ86ን ትእዛዝ እያነበበ ወደ አርም ትእዛዝ እየቀየረ ያስኬዳል፣ ቪኤሙ ሁሌም ኢንቴል ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ችግሩ መነሻውም ማረፊያውም ቲሲጂ መሆን አለበት፣ በኬቪኤም እየሠራህ ቆይተህ መብራት ሲሄድ ብቻ ወደ ቲሲጂ ልዝለል ማለት የሚያስተማምን ነገር አይደለም። ስለዚህ ለ15 ደቂቃ ጭንቀት ብለህ መብራት ባለበት ቀንም ዴስክቶፕህን ብዙ እጥፍ ልታዘገየው ነው። ሱቅ ላይ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እኔ ይሄን አላደርገውም።

ለማየት ያህል ቴስት ማድረግ ከፈለግክ ግን በደስታ እነግርሃለሁ። በሁለቱም በኩል የማሽን ታይፑን (ኪው-ኢሙ ለቪኤሙ የሚያስመስለውን የማዘርቦርድ ዓይነት) ከነቨርዥን ቁጥሩ አንድ አድርገው፣ ሲፒዩውን ደግሞ በስም ጥራው፣ «ሆስት» (ያለበትን ማሽን ሲፒዩ እንዳለ ውሰድ) ብለህ አትተው። መጀመሪያ በአንድ ኮር ብቻ ሞክር፣ ምክንያቱም ኤክስ86 ሜሞሪ የሚጽፍበትን ቅደም ተከተል ጠበቅ አድርጎ ነው የሚይዘው አርም ግን ላላ ያደርገዋል፣ በብዙ ኮር ላይ የሚመጣ ስህተት ደግሞ ለማግኘት አድካሚ ነው። ፖስትኮፒ የሚባለውን (ቪኤሙን መጀመሪያ አሻግሮ ቀሪ ራሙን በኋላ የሚያመጣውን) አትንካው፣ የፓይ 5 ሊኑክስ ከፋብሪካው ባለ 16 ኪሎባይት ገጽ ነው የዴስክቶፕህ ባለ 4፣ ፖስትኮፒ ደግሞ እኩል ገጽ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ፕሪኮፒ (ከላይ የነገርኩህ፣ ራሙን አስቀድሞ የሚገለብጠው መንገድ) መሃል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥ ቪኤሙ የነበረበት ላይ ይቀጥላል፣ ለኛ አገር መብራት እሱ ነው የሚሻለው። ስዊችህ 100 ሜጋቢት ከሆነ 4 ጊጋ ራም ብቻውን 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ቪኤሙ በሰከንድ ከ12 ሜጋባይት በላይ እየቀየረ ከሆነ ደግሞ መቼም አያልቅም፣ ስለዚህ ጊጋቢት ስዊች ግዛ።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምልህ፣ ተሻገረ ብሎ ስለጻፈልህ አትመነው። እኔ አንድ ጊዜ ከ4ኛ ትውልድ ኢንቴል ወደ 3ኛ ትውልድ ሲፒዩውን «ሆስት» ብዬ አሻግሬ ነበር፣ ፒንግ አልተቋረጠም፣ ኤስኤስኤች ይገባል፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ሄድኩ። ለካ ዳታ የሚያሰላው ፕሮግራም በማግስቱ ልክ ያልሆነ ትእዛዝ ብሎ ሞቷል። ፕሮግራሙ ሲነሳ አቪኤክስ2 (ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰሉ የሲፒዩ ትእዛዞች) መኖሩን አይቶ በሱ ሊሠራ ወስኖ ነበር፣ 3ኛ ትውልድ ላይ ደግሞ አቪኤክስ2 የለም። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን ከመሻገሩ በፊት አስነሳቸው፣ የትልቅ ፋይል ቼክሰም (ይዘቱ አለመቀየሩን የሚያሳይ ቁጥር) እያሰሉ ይሻገሩ፣ ውጤቱን ካልተሻገረው ጋር አወዳድር፣ ሰዓቱ መዛባቱን እይ፣ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ደጋግመህ አመላልሰው። አንዴ መሥራቱ ምንም አይነግርህም።

ለሱቅህ ግን ቪኤሙን ትተህ ዳታውን አሻግር። ፓዩ ላይ ለአርም የተሠራውን ማሪያዲቢ ጫንና የዴስክቶፕህ ሬፕሊካ (ለውጡን እየተከተለ የሚገለብጥ ቅጂ) አድርገው፣ የሽያጭ ሲስተምህንም እዚያ አስነሳው፣ የሚላከው የማሽን ኮድ ሳይሆን የዳታ ለውጥ ስለሆነ አርም ይሁን ኢንቴል ግድ የለውም። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ላይ መጻፍ አስቁመህ፣ ፓዩ ስንት ሰከንድ ወደኋላ እንደቀረ አይተህ፣ ዜሮ ሲሆን ካሸሩን ወደ ፓዩ አዙረው። እሁድ ሱቁ ሲዘጋ የዩፒኤሱን ገመድ ከሶኬቱ ራስህ ንቀልና በሰዓት ለካው፣ ዩፒኤሱ ከመዳከሙ በፊት ካለቀ ሰኞ ጀምረህ ተጠቀምበት።